ምንጩ አልደረቀም ነበር፦ በጦሳ ግርጌ ያለ አንድ ግቢ የውሃ ጉዳይ ጥናት

ግቢው ደሴ ውስጥ ነው፤ ጦሳ ተራራ ወደ ከተማው በሚያዘቀዝቅበት ተዳፋት ላይ። ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ የከተማው መስመር ግፊት አይበቃውም፤ በበቃው ቀንም ውሃው በፈረቃ ነው። ባለቤቶቹና ተከራዮቹ ተደምረው 11 ሰው ይኖርበታል፤ አንዲት የምትታለብ ላምም አለች። ከግቢው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ምንጭ አለ። ከምንጩ የሚነሳ 120 ሜትር ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ያለ ምንም ሞተር ውሃውን እያወረደ 2,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ ይጨምራል። በምንጩና በሮቶው አፍ መካከል 14 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ።

ቤተሰቡን ሁለት ነገር ያስቸግረው ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ በጣለ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ቧንቧው ቡናማ ውሃ ያወርዳል፤ ልጆቹን በየክረምቱ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ግንቦት ላይ ደግሞ ውሃው እየቀጠነ ወደ ጠብታ ይወርድና አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይቆማል። ያኔ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል መውረድ፣ ሞልቶ ዳገቱን መውጣት የሴቶቹና የልጆቹ ሥራ ይሆናል።

ለሁለቱም ችግር ገንዘብ ወጥቷል። ለግንቦቱ ባለ 5,000 ሊትር ሁለተኛ ሮቶ ተገዛ፤ አንድም ቀን አልሞላም። ቀጥሎ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሮቶው አጠገብ ተተክሎ ቱቦውን እንዲስብ ተደረገ፤ ውሃው የባሰ ደፈረሰ፣ ፓምፑም ብዙ ሳይቆይ ተቃጠለ። ለክረምቱ በቱቦው አፍ ላይ ጨርቅ ታሰረ፣ ሮቶው ውስጥ በረኪና ተጨመረ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ምንጩ ላይ የተሠራ አልነበረም። ችግሮቹ ሁለት ይምሰሉ እንጂ አብዛኛው መነሻቸው አንድ ቦታ ነበር፤ ውሃው ከመሬት በሚወጣባት ሦስት ሜትር በማትሞላ ስፍራ።

ምንጩ እንዴት ተይዞ ነበር

የቀደመው ሥራ በብዙ ቦታ የሚታየው ዓይነት ነው። ውሃው በሚታይበት ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ጎንና ጎኑ በድንጋይና በጭቃ ተካበ። ከፊቱ የሲሚንቶ ግድግዳ ቆመ፤ ውሃው ጠልቆ እንዲጠራቀም ታስቦ ከምንጩ ዓይን በላይ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ተደረገ። ከላይ ቆርቆሮ ተከድኖ ድንጋይ ተጫነበት። የቱቦው ጫፍ በወንፊት ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተጋደመ። የትርፍ ውሃ መውጫ ስላልነበረው ሲሞላ በግድግዳው አናት ይፈስሳል። የማጠቢያ መውጫም የለውም፤ ደለሉን ለማውጣት አንድ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በጣሳ መጨለፍ አለበት። የሰፈሩ ከብቶች ከሚፈስሰው እየጠጡ ዙሪያውን ያቦኩታል፤ ላሟን አልቅት የሚይዛትም ከዚያው ነበር።

ጀሪካንና ሰዓት

ምንጭ ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የሞባይል ሰዓትና ውሃውን በአንድ አቅጣጫ የሚያወርድ አጭር ቱቦ ይበቃሉ። ሊትሩን ለደቂቃው አካፍሎ በ1,440 ማባዛት የቀኑን መጠን ይሰጣል። ቁም ነገሩ መቼ መለካት የሚለው ነው፤ መስከረም ላይ የተለካ ምንጭ ሁሉ ሀብታም ነው። ሊታመን የሚገባው ቁጥር የበልጉ ዝናብ ካቆመ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻ የሚገኘው ነው።

በዚያ ወቅት ሁለት ቦታ ተለካ። ሮቶው አፍ ላይ ጀሪካኑ ለመሙላት 50 ደቂቃ ፈጀ፤ በቀን 576 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ግድግዳው ከሥሩ ተበስቶ የተጠራቀመው ውሃ በሙሉ እንዲወርድ ተደረገና ፍሰቱ እስኪረጋጋ አንድ ሌሊት ተጠበቀ። ሲነጋ ምንጩ ላይ ያው ጀሪካን በ16 ደቂቃ ሞላ፤ በቀን 1,800 ሊትር።

የግቢው ፍላጎት ደግሞ ይህን ያህል ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 45 ሊትር ተይዞ ለ11 ሰው 495፣ ለላሟ 50፣ ለጓሮ አትክልትና ለእንግዳ 55፤ ድምሩ 600 ሊትር። ምንጩ በዓመቱ ደካማ ወቅት እንኳ ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ይሰጥ ነበር፤ ወደ ቤት የሚደርሰው ግን ሲሶው ብቻ ነው። ትልቁ ሮቶ ለምን እንዳልሞላም ከዚሁ ይታያል። ታንከር የመጣለትን ያስቀምጣል እንጂ ውሃ አይጨምርም፤ 576 እየገባ 600 ከወጣ 10,000 ሊትር የሚይዝም ቢሆን ባዶ ይሆናል።

የድፍርሱን ምክንያት ለመለየት ሦስት ቀላል ፍተሻ ተደረገ። አንደኛው ሰዓቱ ራሱ ነው። በዓለት ውስጥ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ዝናብ በጣለ በአንድ ሰዓት ተኩል አይደፈርስም፤ ከደፈረሰ ከላይ የሚፈስስ ጎርፍ በአቋራጭ እየገባበት ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ንጋት ላይ 12 ዲግሪ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 19 ዲግሪ ሲሆን ከኋላ ካለው ስንጥቅ የሚወጣው ግን በሁለቱም ሰዓት 16 ዲግሪ ነበር። ከመሬት ውስጥ የሚመጣው አይለዋወጥም፤ ድፍርሱ በአብዛኛው የሚገባበት ከወጣ በኋላ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ከጉድጓዱ በላይ 3 ሜትር ላይ ከብት ያቦካው ቦታ አንድ ባልዲ ውሃ በቀይ የምግብ ቀለም ተበጥብጦ ፈሰሰ፤ ቀለሙ በ25 ደቂቃ ጉድጓዱ ውስጥ ታየ።

ሌላው ምልክት ለማንም ዓይን የተገለጠ ነበር። ከግድግዳው በታች 4 ሜትር ላይ በደረቅ ወር ሣሩ የሚለመልምበት፣ ሲረገጥ ውሃ የሚያቁር መሬት አለ። ግድግዳው ከመሠራቱ በፊት ምንጩን የሚያውቁ የሰፈሩ አዛውንት እንደገለጹት፣ ውሃው ድሮ የሚወጣው አሁን ግድግዳው ከቆመበት ዝቅ ብሎ ነበር።

የምንጭ ውሃ ተቃውሞ ባነሰበት በኩል ይሄዳል። ዓይኑ ላይ 60 ሳንቲሜትር ውሃ ሲጫንበት ወደ ኋላ ይገፋና ዝቅ ያለ ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ካገኘ በዚያው ይለምዳል። ብዙ ምንጭ ደረቀ የሚባለው እንዲህ ተገድቦ መንገዱን ሲቀይር ነው። ስለዚህ ከሁሉም የሚቀድም ሕግ አለ፦ በምንም ምክንያት፣ በግንባታው ጊዜም ጭምር፣ ውሃው ከዓይኑ ከፍታ በላይ እንዲቆም አይደረግም።

የፓምፑ ጉዳት የተለየ ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል መሳብ ይፈልጋል፤ የሚመጣለት አንድ ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት በጎማ ቁራጭ ከታሰሩት መገጣጠሚያዎች አየርና ጭቃ ይስባል፤ ለዚህ ነው ፓምፑ ከተተከለ በኋላ በበጋም ውሃው የደፈረሰው። ያለ ውሃ የሚዞር ፓምፕ ደግሞ የውሃ መዝጊያ ጎማው ይቃጠላል። ቁልቁል የሚወርድ መስመር ላይ የሚስብ ፓምፕ ቦታ የለውም።  

ቁፋሮው

ሥራው የተጀመረው በግንቦት መጨረሻ፣ ውሃው ባነሰበት ጊዜ ነው። ያኔ እውነተኛው ዓይን ከሐሰተኛው ይለያል፤ ክረምት ላይ ዳገቱ ሁሉ ስለሚያንጠባጥብ ግንበኛው ጎርፉን ይዞ ምንጭ ያዘ ብሎ ሊሄድ ይችላል። በሌላ በኩል ሐምሌ ሳይገባ ማለቅ ስላለበት አሸዋ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ አስቀድሞ ዳገቱ ላይ መድረስ ነበረበት።

መጀመሪያ አሮጌው ግድግዳ ፈርሶ ከፊት ለፊት ዝቅ ያለ የማፍሰሻ ቦይ ተቆፈረ፤ ቆፋሪዎቹ የሚሠሩበት ውሃ ምን ጊዜም ወጥቶ የሚሄድ መሆን አለበት። ከዚያ ውሃውን እየተከተሉ ወደ ዳገቱ ውስጥ መግባት ነው። ለስላሳው አፈር በዶማ ይቆፈራል፤ ዓለቱ አካባቢ ሲደረስ ግን በእጅና በትንሽ መፈንቅል ብቻ ይጸዳል። ዓለት መምታት ስንጥቁን ሊያሰፋም ሊዘጋም ስለሚችል በመዶሻ መደብደብ ክልክል ነው።

የደሴ ተራሮች አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። በአንዱና በሌላው ንጣፍ መካከል ብዙ ጊዜ ቀይ የሸክላ አፈር ይገኛል። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ሰርጎ ይወርድና ሸክላው ሲያቆመው ወደ ጎን ሄዶ ተዳፋቱ ላይ ይወጣል። እዚህም እንደዚያው ሆነ፤ ከአሮጌው ጉድጓድ 1.8 ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዩ ሸክላ ወለል ሆኖ፣ በላዩ ካለው የተሰነጠቀ ዓለት ሦስት ዓይን ተገኘ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሦስተኛው ወደ ግራ 70 ሳንቲሜትር ርቆ ነበር፤ ወደ ረግረጉ ሣር ይሄድ የነበረውም እሱ ነው። ቁፋሮው እዚያ ቆመ። ወለሉ ከተበሳ ውሃው ወደ ታች ስለሚሰርግ ያን ቀይ ሸክላ አንድ ዶማ እንኳ መንካት አያስፈልግም።

ጀሪካኑ አሁን በ6 ደቂቃ ሞላ፤ በቀን 4,800 ሊትር። ዝናብ አልጣለም፣ ወሩም አልተቀየረም።

ደሴ ላይ የመሬት መንሸራተት የታወቀ ነው። የቁፋሮው ግድግዳ ከአንድ ሜትር ከ20 ሲያልፍ ጎኑ ወደ ኋላ ተዳፋት እንዲሆን ተላጨ፤ ያ ባልተቻለበት በሳንቃና በአጣና ተደገፈ። የተቆፈረው አፈር ከአፋፉ ላይ አልተከመረም።

ዓይኑን መሸፈን

በዓይኖቹ ፊት፣ ከግራ ዓለት እስከ ቀኝ ዓለት፣ 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲሜትር ቁመትና 40 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ቆመ፤ ሞልታው አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ግንቡ ሥራው ውሃን ማቆም ሳይሆን ወደ ቱቦ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ ባለ 2 ኢንች ቱቦ ከዝቅተኛው ዓይን 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተቀበረበት። ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ውሃው እንዲያልፍበት ብቻ፣ ጊዜያዊ ቱቦ ገባ፤ ይህ በመጨረሻ ተደፈነ። ይህን ቱቦ የረሳ ግንበኛ ወይ ያልደረቀ ሲሚንቶው ይታጠብበታል፣ ወይ ምንጩን ይገድበዋል።

ከግንቡ ጀርባ እስከ ዓለቱ ድረስ ጡጫ የሚያህል፣ በብሩሽ የታጠበ ጥቁር ድንጋይ 50 ሳንቲሜትር ተሞላ፤ በእጅ እየተደረደረ እንጂ በአካፋ እየተወረወረ አይደለም። በላዩ 20 ሳንቲሜትር ደቃቅ የታጠበ ጠጠር፣ ቀጥሎ ወፍራም ላስቲክ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተነጠፈ፤ ላስቲኩ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። ከዚያ እርጥብ የሸክላ አፈር በ15 ሳንቲሜትር ንብርብር እየተደቀደቀ 30 ሳንቲሜትር ሞላ። የላይኛው አፈርና ሣሩ የመጨረሻው ልብስ ነው። ጎርፉን የሚከለክለው ዋናው ነገር ያ ሸክላ ስለሆነ ድቅደቃው ላይ ሰነፍ መሆን ሙሉ ሥራውን ያበላሻል።

ከዓይኑ በላይ 10 ሜትር ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ 50 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ በድንጋይ ተለበጠ፤ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ። ከብት ከዚያ ወዲህ አይገባም።

ሳጥኑ

ከግንቡ በታች አንድ ሜትር ራቅ ብሎ የማጠራቀሚያ ሳጥን ተሠራ፤ የውስጡ ስፋት 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ የድንጋይ ግድግዳው 35 ሳንቲሜትር ነው። ወለሉ 15 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ሆኖ ወደ ማጠቢያው 3 ሳንቲሜትር ያዘነብላል። ክዳኑ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲሜትሩ በሁለት አቅጣጫ የተሠራለት ኮንክሪት ነው፤ መግቢያው 60 በ60 ሲሆን ከንፈሩ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ የብረት ክዳኑ ከላይ ወደ ጎን ይሸፍነዋል፣ ቁልፍም አለው። ለግንቡ፣ ለሳጥኑና ለክዳኑ ባለ 50 ኪሎ 18 ከረጢት ሲሚንቶና ወደ 2 ሜትር ኩብ አሸዋ ወጣ። ውስጡ ሁለት ጊዜ ተለስኖ በንጹህ ሲሚንቶ ተቀባ፤ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቆየ።

የቱቦዎቹ ከፍታ ከሳጥኑ መጠን ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ከምንጩ የሚመጣው ከሁሉም በላይ ነው። የትርፍ ውሃ መውጫው ከእሱ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፣ ስፋቱም 3 ኢንች ነው፤ ከመግቢያው ጠበብ ካለ ክረምት ላይ ሳጥኑ ሞልቶ ምንጩን ከኋላ ይገድባል፣ የድሮው በሽታም ይመለሳል። ወደ ቤት የሚሄደው ከወለሉ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ባለ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ የተበሳሳ 40 ሳንቲሜትር ቱቦ እንደ ወንፊት ተገጥሞለታል። ማጠቢያው ወለሉ ላይ ሆኖ ጌት ቫልቭ አለው። የትርፍ ውሃውና የመተንፈሻው አፍ በትንኝ ወንፊት ተሸፍኗል፤ ወንፊቱ ከሌለ እንቁራሪትና እባብ ይገባል።

የትርፍ ውሃው የት ይሂድ የሚለው ደሴ ላይ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ተዳፋቱ ላይ ዝም ብሎ ከተለቀቀ መሬቱን እያራሰ መንሸራተትን ይጋብዛል። እዚህ በቱቦ 20 ሜትር ወርዶ ለጎረቤት መቅጃ ቧንቧና ለከብት ገንዳ ከዋለ በኋላ ወደ ሰፈሩ የጎርፍ መውረጃ ይገባል። ምንጭ በግል ገንዘብ ቢጎለብትም በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ ከሕጉ በፊትም ምንጭን ዘግቶ ጎረቤትን ማስጠማት በወሎ ነውር ነው። የጎረቤት መቅጃ ያለው ምንጭ አጥሩ አይፈርስም፣ ቱቦውም አይቆረጥም፤ ይህን በብዙ ቦታ አይተነዋል።

ቱቦው

ቀሪው ኪሳራ ከምንጩ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ነበር። አሮጌው ቱቦ መሬት ላይ የተዘረጋ ሲሆን ከምንጩ 25 ሜትር ላይ የእርከን ካብ ለመሻገር 70 ሳንቲሜትር ሽቅብ ይወጣል። ፍሰቱ ሲቀንስ ቱቦው በግማሽ ብቻ እየሞላ ይሄዳል፤ አየሩ እዚያ ጉብታ ላይ ተሰብስቦ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ግንቦት ላይ ውሃው አንዳንድ ቀን ይቆም የነበረው በዚህ ነው። ቱቦውን ሲያርገበግቡት እንደገና ይፈስስ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል፤ ምክንያቱን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወፍራም ቱቦ ይግዙ ይላል። ወፍራም ቱቦ በዝቅተኛ ፍሰት አየሩን ገፍቶ ማውጣት ስለማይችል ችግሩን ያብሰዋል። የተመረጠው ባለ 25 ሚሊሜትር፣ 10 ባር ግፊት የሚችል፣ ኤችዲፒኢ የሚባል ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በ14 ሜትር ከፍታ ልዩነት 120 ሜትሩን አቋርጦ በደቂቃ 25 ሊትር ያህል ያሳልፋል፤ ለዚህ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ጉብታው ላይ የአየር ማስወጫ ከመትከል ይልቅ ቦዩ 1.1 ሜትር ጠልቆ ተቆፈረና መስመሩ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ቁልቁል እንዲሄድ ሆነ። በሌላው ቦታ ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር ነው። መገጣጠሚያዎቹ በጎማ ቁራጭ መታሰራቸው ቀርቶ በጥርስ የሚጠብቁ ማኒኮቶዎች ሆኑ፤ 100 ሜትሩ ጥቅልል አንድ ወጥ ስለሆነ መስመሩ ላይ ያለው መገጣጠሚያ አንድ ብቻ ነው።

ፍሰቱን የሚቆጣጠረው መዝጊያ ታች፣ ሮቶው አጠገብ ነው የተገጠመው። ላይ ያለው የሚዘጋው ለጥገና ብቻ ነው። ከላይ ጠበብ ተደርጎ ከተከፈተ ከሱ በታች ያለው ቱቦ ግፊት ያጣና በስንጥቁ ሁሉ ቆሻሻ ይስባል፤ ከታች ሲጠብ ግን ቱቦው ሁልጊዜ ሙሉና ግፊት ያለው ይሆናል፣ ቢያፈስስ እንኳ ወደ ውጭ ነው የሚያፈስሰው። ሮቶው ውስጥ ጋሌጃንት (ውሃው ሲሞላ በተንሳፋፊ ኳስ የሚዘጋ መዝጊያ) ተገጠመ፤ ሲሞላ ይዘጋል፣ ትርፉም ከላይ ካለው ሳጥን ወደ ጎረቤት መቅጃ ይሄዳል። ባለ 5,000 ሊትሩ ሮቶ ተሸጠ። ምንጩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሞላ በግንቦት ፍሰት እንኳ በ10 ሰዓት ውስጥ 2,000 ሊትሩ ይሞላል። ለወደፊት ሮቶ ለሚተክል ሰው፣ ባለ 2,000 ሊትር ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ የእንጨት ማማ አይችለውም።

ማጽዳትና ናሙና

አዲስ ሲሚንቶ የነካው ውሃ ስለሚመርር ሳጥኑ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ተደፋ። ከዚያ ሳጥኑ፣ ቱቦውና ሮቶው በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ታጠቡ። ለ2,000 ሊትር ሮቶ ይህ 100 ግራም ክሎሪን ነው፤ 5 በመቶ ከሆነ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና 2 ሊትር ይበቃል። ሁሉም ቧንቧ የክሎሪኑ ሽታ እስኪመጣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ 12 ሰዓት ቆየ፣ ከዚያ ተደፋ። የሚደፋው ወደ ጓሮ አትክልት ወይም ወደ ወንዝ መሄድ የለበትም። በረኪና ፀሐይ ላይና ከቆየ ኃይሉን ስለሚያጣ ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረው አይገዛም።

ከዚህ በፊት ሮቶው ውስጥ ይጨመር የነበረው በረኪና ለምን አልረዳም? ድፍርስ ውሃ ውስጥ ክሎሪኑ ጀርሙን ከመድረሱ በፊት ጭቃውና ብስባሹ ይጨርሱታል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ውሃውን ሃይላንድ ውስጥ ሞልቶ ከሥሩ ጋዜጣ ማስቀመጥ፤ ከላይ ሲታይ ጽሑፉ ካልተነበበ መጀመሪያ ማዝቀጥና ማጣራት ይቀድማል።

ናሙናው በላብራቶሪው የጸዳ ጠርሙስ፣ የቧንቧው አፍ በእሳት ተለብልቦና ውሃው ሁለት ደቂቃ ፈስሶ ተወሰደ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ደረሰ። መለኪያው ግልጽ ነው፤ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ምንም ኢ.ኮላይ (ውሃው ሰገራ እንደነካው የሚጠቁም ባክቴሪያ) መገኘት የለበትም። ከሥራው በፊት የተወሰደው ለመቁጠር እስከማይቻል የበዛ ነበር። ከሥራው በኋላ ነሐሴ ላይ የተወሰደው 6፣ ኅዳር ላይ የተወሰደው ዜሮ ሆነ።

ውሃው ያንን ክረምት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ በትንሹ ደፈረሰ። ከዓይኑ በላይ የተደቀደቀው ሙሌት 12 ሳንቲሜትር ሰምጦ ዝናብ የሚያቁር ጎድጓዳ ሠርቶ ነበር፤ ሸክላ ተጨምሮ፣ እንደገና ተደቅድቆ፣ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ሲደረግ ቆመ። አዲስ ሙሌት በመጀመሪያው ክረምት ሁልጊዜ ይሰምጣል፤ አንድ አካፋ የሸክላ ክምር በአጠገቡ ማስቀረት ይበጃል።

የነሐሴዋ ስድስት

ስድስት ኢ.ኮላይ ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፤ ልጆች ላሉበት ቤት ግን ትንሽ አይደለችም። ከምንጩ በላይ በጎን 40 ሜትር ላይ የጎረቤት መጸዳጃ ጉድጓድ አለ። ከምንጭ 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው ሕግ አፈር ላለበት ቦታ ነው፤ በተሰነጠቀ ዓለት ውስጥ ክረምት ላይ ውሃ በፍጥነትና ሳይጣራ ስለሚጓዝ 40 ሜትርም አይታመንም። ኅዳር ላይ ዜሮ፣ ነሐሴ ላይ ስድስት መሆኑ ወደዚያው ይጠቁማል፤ የሙሌቱ መስመጥ ድርሻ እንዳለውም አይካድም። ለመለየት በሚቀጥለው ነሐሴ ሁለት ናሙና፣ አንዱ ከዓይኑ ቱቦ ሌላው ከቤት ቧንቧ፣ በአንድ ቀን ይወሰዳል። ከዓይኑ ከተገኘ ችግሩ ከላይ ነው፤ ከቤት ብቻ ከተገኘ ሮቶው ወይም ቱቦው ነው።

እስከዚያው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መግቢያ የሚጠጣው ውሃ ብቻ በ20 ሊትር ጀሪካን ተቀድቶ “ውሃ አጋር” የተባለው የክሎሪን ማከሚያ ተጨምሮበት፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ሆኖ፣ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይጠጣል። ክሎሪኑን የማይወዱት አያት የሚጠጡት ይፈላል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እየተንፈቀፈቀ ሦስት ደቂቃ ይቆያል። መጸዳጃውን ወደ ታችኛው ጎን ለማዛወር ከጎረቤት ጋር ንግግር ተጀምሯል፤ ቁፋሮውንና ወጪውን ሁለቱ ቤቶች ይጋሩታል። ከዓይኑ በላይ 8 ሜትር ላይ ያሉት ስድስት የባሕር ዛፎችም የዚያው ጎረቤት ናቸው፤ ሥሮቻቸው ወደ ጠጠሩ ከገቡ ሳጥኑን ከፍቶ መቁረጥ አያድነውም። ለመጪው ደረቅ ወቅት አራቱ ተቆርጠው ለመጸዳጃው ቤት ማገርና ወራጅ ይሆናሉ፤ ጉቶዎቹ እንዳያቆጠቁጡ ቅርፊታቸው ከሥር ድረስ ይላጣል።